ለቡና ጉንደላ የሚሆን ታጣፊ መጋዝ አመራረጥ

ያረጀ ቡና ምርቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ጉንደላም ይህን ቡና በአነስተኛ ወጪ ለማደስ እንደሚያስችል በልማት ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ጉንደላ ወቅትና ከፍታ ብዙ ሲነገር፣ ስለሚቆረጥበት መሣሪያ የሚነገረው ጥቂት ነው። የተጎነደለ ቡና እንደገና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ያህል ያስጠብቃል። በመጥፎ መሣሪያ የተበላሸ ጉቶ ግን ገበሬውን ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ያስጠብቀዋል።

በየማሳው ስንዘዋወር በገጀራ ወይም በመጥረቢያ የተጎነደለ ቡና እናያለን። ገጀራ ግንዱን እየመታ ስለሚቆርጥ ጉቶው ይሰነጠቃል፣ ቅርፊቱም ይገሸለጣል። በስንጥቁ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ ብስባሴና ምስጥ ይከተላል። ስለሆነም ለጉንደላ ተስማሚው መሣሪያ መጋዝ ነው። ከመጋዞችም መካከል ከማሳ ወደ ማሳ በእግሩ ለሚዘዋወር ሠራተኛ ታጣፊው ይመቻል። ሲታጠፍ ጥርሱ እጀታው ውስጥ ስለሚገባ በኪስ ወይም በቦርሳ ቢያዝ አይጎዳም፣ ጥርሱም አይደንዝም። ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ለሚወፍር ግንድ ግን ትልቅ የእጅ መጋዝ መጠቀም ይሻላል።

ሲመርጡ መታየት ያለባቸው ነጥቦች

1. የስለቱ ርዝመት፦ ስለቱ ከሚቆረጠው ግንድ ውፍረት ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ለአብዛኛው የቡና ግንድ ከ18 እስከ 21 ሳንቲሜትር ይበቃል።

2. ጥርሱ፦ እርጥብ እንጨት ብናኙ እየተጣበቀ መጋዙን ስለሚያንቀው ሰፋ ሰፋ ያለ ጥርስ ይፈልጋል። በ3 ሳንቲሜትር ውስጥ ከ7 እስከ 9 ጥርስ ያለው ተስማሚ ነው። ወደ ራስ ሲሳብ የሚቆርጠው ዓይነት ስለቱ ቀጭን ቢሆንም ስለማይጎብጥ ይመረጣል። የጥርሱ ጫፍ ብቻ ጠቆር ብሎ የሚታየው መጋዝ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ በሞረድ አይሳልም። እንዲህ ያለውን ከመግዛት በፊት መለዋወጫ ስለት መገኘቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

3. መቆለፊያው፦ ከሁሉም የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ለሠርቶ ማሳያ ይዘነው የሄድነው መጋዝ መቆለፊያው ለቆ የአንድን ገበሬ ጣት ቆርጧል። መጋዙን የመረጥነው በዋጋው ርካሽነት ነበር። ስለዚህ ስለቱን ከፍተው ከቆለፉ በኋላ ጀርባውን በእንጨት ላይ ጫን አድርገው ይፈትኑ። ወደ ጎንም ይወዝውዙት። የሚላላ ከሆነ ማጠፊያው በብሎን የሚጠብቅ መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልሆነ አይግዙት።

4. እጀታው፦ እጅ በላብ ሲረጥብ የማያሟልጭ፣ ጫፉ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እጅን የሚይዝ ይሁን።

ሻጩ በደረቅ ጣውላ ላይ ቆርጦ ቢያሳይ በዚያ ብቻ አይርኩ። ማኅበሩ ብዙ መጋዝ ከመግዛቱ በፊት አንድ ገዝቶ በእርጥብ የቡና ግንድ ላይ ይሞክር።

አቆራረጥ

ጉንደላ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ይካሄዳል። መጀመሪያ ግንዱን ከፍ አድርጎ በመቁረጥ ክብደቱን ማቅለል፣ ከዚያም ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ላይ ሰያፍ አድርጎ መጨረስ ነው። ሰያፍነቱ የዝናብ ውኃ ጉቶው ላይ እንዳይተኛ ይረዳል። በኋላ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ ሌሎቹን ማስወገድ ይገባል።

መጋዝና የቡና አድርቅ በሽታ

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታወቀው የቡና አድርቅ በሽታ የሚመጣው በፈንገስ ነው። ፈንገሱ በቁስል በኩል ወደ ግንዱ ይገባል። የታመመ ቡና የቆረጠ መጋዝ ሳይጸዳ ጤነኛውን ቢቆርጥ በሽታውን በቀጥታ ከቁስሉ ላይ ያኖረዋል ማለት ነው። ቅጠሉ የጠወለገና የደረቀ፣ ቅርፊቱ ሲፋቅ እንጨቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ የተለወጠ ቡና አይጎነደልም፤ ተነቅሎ እዚያው ባለበት ይቃጠላል።

ጤነኛ በሚመስል ማሳም ቢሆን ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ሲታለፍ ብናኙን ጠርጎ ስለቱን 70 በመቶ አልኮል ባለው ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማጠፊያው ክፍት ሆኖ ብናኝ የማይቋጥር መጋዝ ይመረጥ። አልኮል በሌለበት ስለቱን በእሳት ላይ ማሳለፍ ይቻላል፤ ሆኖም ቀልቶ እስኪግል መቆየት ብረቱን ያለዝበዋል። በአልኮል የረጠበን መጋዝ ወደ እሳት ማቅረብ ግን ፈጽሞ አይገባም። ማኅበሩ ለአንድ ሠራተኛ ሁለት መጋዝ ቢመድብ አንዱ ሲጸዳ ሌላው ይሠራል፤ ሥራውም አይጓተትም።

ማታ ስለቱ ታጥቦና ደርቆ ዘይት ይቀባ፤ እርጥቡን አጥፎ ማስቀመጥ ማጠፊያውን ያዝገዋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዝ ሲገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመቆለፊያውን ጥንካሬና ለጽዳት አመቺነቱን እንዲያመዛዝኑ፣ የልማት ሠራተኞችም ንጹሕ አቆራረጥን በመጀመሪያ በራሳቸው መጋዝ እንዲያሳዩ እናሳስባለን።