በቤት ውስጥ የተተከሉ የቅመም ተክሎች ቅጠል ሲታመም መንስኤውን ስለ ማወቅ

ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ሰፊ ግቢ የሌለው የከተማ ነዋሪ እንኳ በሸክላ ወይም በጣሳ ተክሎ በመስኮቱ አጠገብ ሊያሳድጋቸው የሚችሉ ተክሎች ናቸው። ለቡናና ለወጥ የሚሰጡት ጥቅም ከማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ቅጠላቸው ቢጫ መምሰል ሲጀምር ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ይኸውም ውኃ ይጨምራል፣ ወይም ለዝንብና ለበረሮ የተሠራውን መድኃኒት ይረጭበታል። የመጀመሪያው ተክሉን ሊገድለው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቅጠሉን ለሚመገበው ቤተ ሰብ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ምርመራው ሊቀድም ይገባል። ምርመራውም በሦስት ነገር ይፈጸማል።

፩ኛ/ አፈሩን በጣት መመርመር። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ ማስገባት ነው። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ፣ ሥሩ አየር አጥቶ መበስበስ መጀመሩን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ውኃ ማጠጣቱን ማቆም፣ የዕቃው ታች ቀዳዳ እንዳለው ማረጋገጥ፣ ቡናማና ልስልስ የሆነውን ሥር ቆርጦ ተክሉን ውኃ በማይቋጥር አፈር ላይ ማዛወር ያስፈልጋል። አፈሩ ደረቅ፣ የቅጠሉም ጠርዝ ተኮማትሮ የሚሰባበር ከሆነ ግን ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጥቶ፣ በሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ መድፋት ነው።

፪ኛ/ የታመመው የትኛው ቅጠል እንደ ሆነ መለየት። በታች ያለው አሮጌ ቅጠል በሙሉ ቢጫ ከሆነና አፈሩም ያልረጠበ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን የተባለው ምግብ አንሶታል ማለት ነው፤ ተክሉ ይህን ምግብ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣልና። በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ቢጨመርለት ይጠቅመዋል። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል ከሆነ ግን፣ ብረት ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንደ ልብ ስለማይተላለፍ፣ የብረት እጥረትን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ አመድ መጨመር አፈሩ ብረትን ይበልጥ እንዲይዝ ስለሚያደርገው ችግሩን ያባብሳል። ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ካዘነበለ የጎደለው ብርሃን ነው። የበሶብላ ቅጠል ከጠቆረም ብርድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ተክል ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜን አይችልምና፣ በደጋ ከተሞች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱን ከመስኮቱ መስታወት ማራቅ ይገባል።

፫ኛ/ የቅጠሉን ጀርባ መገልበጥ። በላዩ ጥቃቅን ነጣ ያሉ ነጥቦች፣ በጀርባው ቀጭን ድር ከታየ፣ ከሸረሪት ወገን የሆነች በዓይን በጭንቅ የምትታይ ተባይ ገብታበታለች። ቅጠሉ ከተጣበቀ ክሽክሽ መኖሩን መመልከት ነው። ሁለቱንም ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ ጀርባውን አጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና ይህንኑ በየጥቂት ቀኑ መደጋገም ይቀንሳቸዋል። በበሶብላ ጀርባ ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነው። ይህ በሽታ በኡጋንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ታይቶ፣ ከ2001 ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋ ሲሆን፣ ከላይ ሲያዩት የምግብ እጥረት ይመስላል። የታመመውን ተክል ከሌሎቹ ለይቶ ማስወገድና፣ ለቀሩት ውኃውን በጧት ቅጠላቸውን ሳይነኩ በአፈሩ ላይ ማፍሰስ ይበጃል።

በመጨረሻም፣ ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጣሳ ለሚበላ ተክል መትከያ ሊሆን አይገባም። የበረሮ መድኃኒት የተረጨበትም ቅጠል በመታጠቡ ብቻ ንጹሕ ሆኗል ተብሎ ወደ ጀበና ወይም ወደ ድስት መግባት የለበትም፤ ይጣል። አንድ የበሶብላ ዘለላ በሌላ ይተካል፤ የቤተ ሰብ ጤና ግን እንዲሁ አይተካም።