ሰማያዊው የስፒሩሊና ቀለም እንዴት ይጣራል?

በማሸጊያ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ስናይ ብዙዎቻችን ልባችን ያርፋል። ይሁንና አንድ ነገር ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻውን ንጹሕ አያደርገውም። በከረሜላና በማስቲካ የሚገባው ሰማያዊ የስፒሩሊና ቀለም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ስፒሩሊና በሶዳማ ሐይቆች የሚበቅል ረቂቅ አልጌ ሲሆን ሳይንቲስቶች ከባክቴሪያ ወገን ይመድቡታል። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካኔምቡ ሴቶች አጥልለውና በፀሐይ አድርቀው «ዲሄ» የተባለውን ምግብ ያዘጋጁበታል። በአገራችንም በቢሾፍቱ አቅራቢያ ባለው በአረንጓዴ ሐይቅ፣ እንዲሁም በጪቱ ሐይቅ ይገኛል።

ሰማያዊው ቀለም ፋይኮሲያኒን የተባለ ፕሮቲን ነው። ቀለሙን ለማውጣት አልጌው በውሃ ተዘፍዝፎ በተደጋጋሚ ይቀዘቅዝና ይቀልጣል፤ በዚህም ሕዋሱ ይፈነዳል። አረንጓዴው ክሎሮፊል በውሃ ስለማይሟሟ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል፤ ሰማያዊው ግን ከውሃው ጋር ይወጣል።

ሆኖም በዚህ ውሃ ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ። እነርሱን ለመለየት ክሮማቶግራፊ የተባለው ዘዴ ያገለግላል። ፈሳሹ አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ባላቸው ጥቃቅን እንክብሎች በተሞላ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። አሉታዊ የሆነው ፋይኮሲያኒን እንክብሎቹ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ የጨው ውሃ መጠኑ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲፈስበት እያንዳንዱ ፕሮቲን በየተራው ይለቃል።

ንጽሕናው የሚለካው በብርሃን ነው። በ620 ናኖሜትር የሚመጠጠው ብርሃን በ280 ናኖሜትር ለሚመጠጠው ሲካፈል 0.7 ከደረሰ ለምግብ ይበቃል ይባላል፤ ለላቦራቶሪ ምርመራ ግን 4 ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በከረሜላ የሚገባው ቀለም ብዙውን ጊዜ ይህን ውድ የቱቦ ማጣሪያ አያስፈልገውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የስፒሩሊናን ቀለም ለከረሜላና ለማስቲካ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ታዲያ ገዢው ምን ይጠይቅ? አንደኛ፣ ስፒሩሊና በእንክብል ከተሸጠ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። ቀለሙ በውሃ የወጣ ቢሆንም የሽፋኑ ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል የሐላል ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ ከጎጂ አልጌ መርዝና ከከባድ ብረቶች ነፃ መሆኑ በላቦራቶሪ ተመርምሮ እንደሆነ ያጣራ። በዚህ ምክንያት ከሐይቅ በራስ እጅ ቀድቶ መጠቀም አይገባም። ሦስተኛ፣ ቀለሙ ሙቀት አይወድም፤ ከፈላ ምግብ ጋር ከተቀላቀለ ይደበዝዛል።

ነፍሰ ጡሮችና የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስፒሩሊና ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።