ድንቹ ከመሬት ሲቆይ ማን ይበላዋል?

በአሰላና በአካባቢዋ ደጋ ድንች የሚቀመጥበት ዋናው መጋዘን መሬቱ ራሱ ነው። ምርቱ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ዋጋ ስለሚወርድ፣ አምራቹ ቅጠሉ ቢደርቅም ድንቹን ሳይቆፍር ያቆየዋል። ኪራይ አይከፍልም፣ ጆንያ አይገዛም፤ ደላላው ሲመጣም «ገና ነው» ይለዋል። የጭላሎ ግርጌ ብርድ ለዚህ ያመቻል። ችግሩ መጋዘኑ በር የሌለው መሆኑ ነው።

ዋናው ሌባ ፍልፈል ነው። ከመሬት በታች መተላለፊያ እየማሰ ሥርና ድንች ይበላል፣ የተረፈውን ወደ ጎሬው ያግዛል። ከላይ የሚታየው የተቆለለ አፈር ብቻ ነው። ድንችን ሳይቆፈር በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ከዋጋ ድርድር በፊት ማሳውን ሊዞር የሚገባው ለዚህ ነው። አፈሩ እርጥብና አዲስ ከሆነ ፍልፈሉ ሥራ ላይ ነው፤ ሣር የበቀለበት አሮጌ ቁልል ግን ያን ያህል አያስደነግጥም። ሦስት አራት ቦታ አስቆፍሮ ማየት ከደላላው መሐላ ይሻላል።

ፍልፈልን የሚያስይዘው የራሱ ልማድ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈትበት ተመልሶ ሊደፍነው ይመጣል። ገበሬው በጎበጠ እንጨት ላይ የታሰረ የሽቦ ወጥመድ የሚያኖረው እዚያው አፉ ላይ ሲሆን፣ ወጪው ከቁራጭ ሽቦ አያልፍም። ከመደብ ሥር የሽቦ ወንፊት ማንጠፍም ይቻላል፤ ይህ ግን ለጓሮ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት እንጂ ለሰፊ የድንች ማሳ አያዋጣም።

ጃርት በሌሊት ነው የሚመጣው፤ ከሚበላው የሚያበላሸው ይበዛል። የአጥሩን ግርጌ በድንጋይ መዝጋትና ንቁ ውሻ ማኖር ይረዳል። አይጥ በረጅም ሣርና በአጥር ሥር ቁጥቋጦ ስለምትደበቅ ዙሪያውን ማጨድ ነው። አፈሩ ሲሰነጠቅ ደግሞ የድንች ብል በስንጥቁ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በጊዜው አፈር ማስታቀፍ መንገዱን ይዘጋባታል።

ርካሽ መስሎ ውድ የሚሆነው መርዝ ነው። ለአይጥ የሚቀመጠው ዚንክ ፎስፋይድ ዶሮውንም ይገድላል፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ድመትም ሊሞት ይችላል። ለነቀዝ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ከዚህም ይከፋል። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። ታሽጎ በተዘጋ የእህል መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ የሚሠራበት መድኃኒት ነው። እህሉ ከመኝታ ክፍል ጋር በአንድ ጣራ ሥር በሆነበት ቤት ግን ጋዙ ሌሊት ወደ ልጆቹ ይገባል። ከቤት አጠገብ ባለ የፍልፈል ጉድጓድ መክተትም ያው ነው።

ለዘር የሚፈለገውን ድንች ቶሎ ቆፍሮ ማውጣት ይሻላል። እንደ ሆለታ ያሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት ያስተዋወቁት፣ ከፊል ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ የእንጨት መደርደሪያ ያለው ጎጆ ለዚህ የተሠራ ነው። ጎኑ በወንፊት ካልተሸፈነ ግን አይጥ ትገባበታለች። እዚያ የቆየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዘር ደህና ነው፣ ለምግብ ግን መራራና ጎጂ ነው። ለወጥ ብሎ የሚገዛ ሰው ጆንያውን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ቢያይ ይበጀዋል።