ገለባን ወደ ስኳር የሚለውጡት የፍል ውሃ ባክቴሪያዎች

የጤፍ ገለባም የበቆሎ አገዳም በአብዛኛው የተሠሩት ከስኳር ነው። ግሉኮስ የተባለው ስኳር በሺህ እየተቆጠረ እንደ ሰንሰለት ሲያያዝ ሴሉሎስ ይሆናል፤ ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚጠነክሩ የሰው ሆድ ሊፈታቸው አይችልም። ላም የምትችለውም በሆዷ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚያግዟት ነው። የተሕዋስያኑ መሣሪያ ሴሉሌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው።

አብዛኛው ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹን አጥቶ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ፋብሪካ ግን ሙቀት ይፈልጋል፤ ሥራው ይፋጠናል፣ ባዕድ ባክቴሪያም ገብቶ ስኳሩን አይሻማም። ተመራማሪዎች ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ፍል ውሃ ባክቴሪያዎች ያዞሩት ለዚህ ነው።

ከተገኙት ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ካልዲሴሉሎሲሩፕተር ቤስቺ ነው። የተገኘው በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በካምቻትካ የጋይዘሮች ሸለቆ ሲሆን በ75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ኦክስጅን በሌለበት ይራባል። ሴልኤ የተባለው ዋና ኢንዛይሙ ሁለት መቁረጫዎች አሉት፤ አንዱ ሰንሰለቱን ከመካከል ይበጥሳል፣ ሌላው ከጫፍ ይቆራርጣል። በመካከላቸው ያሉት ሦስት ክፍሎች ደግሞ ሴሉሎሱን ጨብጠው ይይዛሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ኢንዛይም ሴሉሎሱን ላይ ላዩን በመላጥ አይወሰንም፤ እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ይቦረቡረዋል።

እንዲህ ያለ ባክቴሪያ የሚፈልግ ሰው ከፍል ውሃው ጭቃና ውሃ ይወስዳል፤ በዚያው ሙቀት ሴሉሎስ ብቻ እየመገበ ያራባዋል። ሴሉሎስ የሚቆርጠውን ለመለየት የሚዘወተረው በ1982 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው የኮንጎ ሬድ ቀለም ነው። ባክቴሪያው ባደገበት ሳህን ላይ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ከዚያ በጨው ውሃ ይታጠባል። ሴሉሎሱ የተበላበት ቦታ ቀለም ስለማይይዝ በባክቴሪያው ዙሪያ ፈዛዛ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ያስደስታል፤ ግን ያታልላልም። ብዙውን ጊዜ ሳህኑ ላይ ያለው ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነው፤ ይህ በውሃ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ፣ ለመቆረጥ የማያስቸግር ሴሉሎስ ነው። እሱን የበጠሰ ሁሉ ገለባን አይበጥስም።

ተገኝቶም ማምረቱ ሌላ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚሰጠው ኢንዛይም ጥቂት ስለሆነ ጂኑን በቀላሉ ወደሚራባ ሌላ ባክቴሪያ ማዛወር ግድ ይላል።

የሻላ፣ የወንዶ ገነትና የሶደሬ ፍል ውሃዎች የሚፈልቁት በአገራችን ነው፤ ገለባውም የእኛው ነው። በዚህ ሙያ ያላችሁ ወጣቶች፣ ቀለበቱን አይታችሁ አትቁሙ። ኢንዛይሙን በጤፍ ገለባና ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ በተረፈው ላይ፣ በፍል ውሃው ሙቀት ሞክሩት፤ የወጣውንም ስኳር ለኩ።