ማሽላ ከመሬት በታች ማንን ይጠራል?

እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት እስኪነሳ ድረስ፣ በካርቱም መሀል ከተማ ሱቅ ዐረቢ ምሳ የፈለገ ሰው ክስራ አያጣም ነበር። ክስራ ከቦካ የማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገር፣ ለእንጀራ የቅርብ ዘመድ የሆነ ምግብ ነው። ማሽላው በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ቆቦ ሜዳ አንድ ክፉ ጠላት አለው፤ አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም። ሮዝ አበባው ከማሳው ላይ ሲታይ ጉዳቱ ከመሬት በታች አስቀድሞ ደርሷል፤ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃና ምግቡን ሲመጥጥ ከርሟል።

ማሽላውን እንዴት አገኘው? ራሱ ማሽላው ጠርቶት ነው።

ቡቃያው ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ጥሪው ፎስፈረስ ለሚያመጡለት የአፈር ፈንገሶች ነው፤ ይህንንም የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል። ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት የሚችለው የአቀንጭራ ዘርም ያንኑ ጥሪ ሲያገኝ ይነቃል።

ሥሩ የሚጠራቸው ግን ፈንገሶችን ብቻ አይደለም። ስኳርና አሲድ እያፈሰሰ ባክቴሪያዎችንም ይሰበስባል፤ ተክሉ ሲያድግ የሚያፈሰው ይለወጣል፣ በዙሪያው የሚሰፍሩትም አብረው ይለወጣሉ። በካሊፎርኒያ ማሳ ላይ ተመራማሪዎች ከቡቃያ እስከ ፍሬ ድረስ በየሳምንቱ የማሽላ ሥር እየነቀሉ ይህን ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ውጤት አስደናቂ ነው፦ ውሃ በተነፈገው ማሽላ ሥር ያሉት ባክቴሪያዎች እንደ ቡቃያ ጊዜያቸው ይቆያሉ፣ ድርቅ የሚችሉት ወገኖችም ይበዛሉ። ውሃ ሲመለስ የባክቴሪያዎቹ ማኅበር ፈጥኖ ለተክሉ እድሜ የሚገባውን መልክ ይይዛል። ከተሞከሩት ሁለት ዝርያዎች አንዱ፣ በድርቅ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀው፣ የዘር ሐረጉ ከኢትዮጵያ ማሽላ ይመዘዛል።

ስለ ማሽላ ሲነሳ ገቢሳ ኤጄታን ማለፍ አይቻልም። በወሎንኮሚ ተወልደው ሱዳን ውስጥ የሠሩት እኚህ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1983 ሐጂን ዱራ 1 የተባለውን ድቅል ማሽላ ለሱዳን ገበሬ አበረከቱ። ቀጥሎም ጥሪያቸው ደካማ የሆነ፣ የአቀንጭራን ዘር እምብዛም የማይቀሰቅሱ ዝርያዎችን አወጡ፤ በኢትዮጵያ የተለቀቁት ጎብዬና አብሽር ከእነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አሁን ትኩረቱ ከማሽላው ወደ ሥሩ ጎረቤቶች፣ ወደ ባክቴሪያዎቹ፣ እየዞረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያንም የተሳተፉበት ጥናት፣ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች አቀንጭራው ሥር ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች እንደሚያፈርሱ፣ ሌሎች ደግሞ ማሽላው የሥሩን ግድግዳ እንዲያጠነክር እንደሚያነሳሱ አሳይቷል። ሙከራው የተሠራው ግን በኔዘርላንድ አፈር ነው። ስለዚህ ገበሬው ሽልሻሎ (በቆመው ማሽላ መካከል ማረስ) ሳይጀምር፣ ቡቃያው ገና ጥሪውን ሲያሰማ፣ በሱዳኑ ገዳሪፍ ጥቁር አፈርና በቆቦ ማሳ የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንደሚሰባሰቡ በየሳምንቱ መመርመር ያስፈልጋል።