ጥርስ የሌላቸው አዛውንቶቻችን

በቆቦና በራያ ቆላ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት ሥጋ ሲቀርብ «ለልጆቹ ስጡ» ብለው በሽሮ የራሰ የማሽላ እንጀራ ይበላሉ። እኛም ጠገቡ እንላለን። ነገር ግን ቫይታሚን ቢ12 በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል እንጂ በማሽላና በሽሮ አይገኝም፤ ያረጀ ጨጓራም ከምግቡ ለይቶ ማውጣቱ ይከብደዋል። ሲጎድል ደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝና መርሳት ያመጣል፤ መርሳትን ሁሉ በእርጅና ማሳበባችን ስሕተት ነው። ሥጋው በደቃቁ ተከትፎ ይብሰልላቸው፣ እንቁላል ይቀቀል። ሻይና ቡና ብረት የተባለውን ማዕድን ስለሚያስቀሩ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይዘግዩ (ቡና ከልክሉ አላልንም!)። ሙቀቱን ፈርተን ቤት የምናውላቸው ደግሞ ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ ያጣሉ፤ ረፋዱ ላይ ደጅ ይቀመጡ። መጦሪያ ያሉትን ስንጠይቅም ከስኳር ይልቅ እንቁላል እንያዝ። እግራቸው የደነዘዘውን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ፤ ቢ12 በመርፌም ይሰጣል።