መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ኳስ

በኢየሩሳሌም ከኢትዮጵያ ጎዳና ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚያቀና ሰው የከተማዋን የእግር ኳስ ታሪክ በአንድ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ሊያዳርሰው ይችላል። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩትን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲወጣ፣ በረጃጅም የድንጋይ አጥሮች መካከል የሚያልፈው ጠባብ መንገድ ነቢያት ጎዳና ላይ ያደርሰዋል። ያንን ተሻግሮ በመሀል ከተማው በኩል ሲዘልቅ በ1933 የተመረቀው የወወክማ ሕንፃ ከነማማው ይታየዋል (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቴዲ ስታዲየም በ1991 እስኪከፈት ድረስ የኢየሩሳሌም ተመልካች ኳስ ከሚያይባቸው ሜዳዎች አንዱ እዚያው ያለው የወወክማ ሜዳ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ቃታሞን የሚባለው ሰፈር አለ። በዚህ ሰፈር ስም የተነሳ አንድ ክለብ ለከተማዋ ልጆች የሚሠራውን ነው ማስተዋወቅ የፈለግሁት።

የክለቡ የዛሬ ስም ሃፖኤል ኢየሩሳሌም ነው። የቀድሞው ሃፖኤል ኢየሩሳሌም በ1926 ተመሥርቶ፣ በ1973 የሀገሪቱን ዋንጫ አንድ ጊዜ አንስቶ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ የተንገላታ ክለብ ነበር። ደጋፊዎቹ ከባለቤቶቹ ጋር መስማማት ሲያቅታቸው በ2007 መዋጮ አዋጥተው የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ፤ ስሙንም በልጅነታቸው ቡድናቸውን ሲያዩበት በኖሩት በቃታሞን ሜዳ ስም ሃፖኤል ቃታሞን አሉት። በእስራኤል በደጋፊዎች ባለቤትነት የተመሠረተ የመጀመሪያው ክለብ ይኸው ነው። መጀመሪያ ከከተማው ውጭ ካለ የመቫሴሬት ጺዮን ክለብ ጋር ተጣምሮ ሞከረ፤ አልሆነም። በ2009 ከታችኛው፣ ከአምስተኛው እርከን ሀ ብሎ ጀመረ። በ2013 ሁለተኛው ሊግ ደረሰ፣ በ2020 የአሮጌውን ክለብ ስም ተረከበ፣ በ2021 ፕሪሚየር ሊግ ገባ።

ይህን ታሪክ ማወቅ የሚያስፈልገው የልጆቹ ሥራ ከየት እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። ክለቡ የተመሠረተው እኛ እድር በምናስተዳድርበት መንገድ ነው፤ አባል ይከፍላል፣ ጉባኤ ይወጣል፣ አመራር ይመርጣል፣ ሥራው ካልጣመው ይናገራል። አንድ ባለሀብት የገዛው ክለብ ቢሆን ኖሮ በታችኛው ሊግ እየተንገዳገደ ሳለ ገንዘቡ ለአጥቂ ይውል ነበር። እነዚህ ግን ገና ታች ሳሉ፣ ተጫዋች የሚገዙበት ጥሪት ሳይኖራቸው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን ማሰባሰብ ጀመሩ። ሥራውንም «የሰፈሮች ሊግ» አሉት።

አሠራሩ ለመግለጽ ቀላል ነው። ትምህርት ቤት በክለቡ ሊግ ውስጥ ቡድን ያቋቁማል። ክለቡ አሰልጣኝ ይልካል፣ ልጆቹ በሳምንቱ ውስጥ ይለማመዳሉ፣ በየተወሰነው ጊዜ የየትምህርት ቤቱ ቡድኖች ተገናኝተው ይጋጠማሉ። እስከዚህ ድረስ ከማንኛውም የሕፃናት ፕሮጀክት አይለይም። የሚለየው ከልምምዱ ጎን የተቀመጠው የጥናት ሰዓት ነው። ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ጥናቱም ውስጥ አለ። የቤት ሥራውን ይዞ ይመጣል፣ የሚያስጠናው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ኳሱም እዚያው ከትምህርቱ ጎን ይጠብቀዋል።

ይህ የጥናት ሰዓት ምን ክፍተት እንደሚሞላ ለማየት የእስራኤልን የትምህርት ቀን ማወቅ ይበቃል። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው እኩለ ቀን አለፍ ሲል ያበቃል። ወላጅ ከሥራ የሚመለሰው ማታ ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ያንን ክፍት ሰዓት በሙዚቃ፣ በዋና፣ በግል አስጠኚ ይሞላዋል፤ የሌለው ልጅ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ላይ ይውላል። በኋላ በፈተና የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የሚበቅለው በእነዚያ ሰዓታት ነው።

ጉዳዩ የእኛን ሰዎች ቤት በቀጥታ ያንኳኳል። በግንቦት ወር 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል። ከዚያ በኋላ የመጡም ብዙ ናቸው። በጎንደር ገጠር እርሻና ቀጥቃጭነት ጠንቅቀው የሚያውቁ ወላጆች፣ እዚህ የልጃቸውን የዕብራይስጥ ደብተር ገልጠው የሚረዱበት መንገድ አልነበራቸውም። ልጁ ክሊኒክ አስተርጓሚ፣ ባንክ አስተርጓሚ፣ ከመምህሩ የተላከለትን ደብዳቤ ሳይቀር ለእናቱ አንባቢ ሆነ። እንዲህ ላለ ልጅ ሳምንቱን ጠብቆ አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ አስጠኚ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከክፍያው እየተቀነሰለት ሕፃን እንዲያስጠና የሚያደርገው ፔራሕ የተባለው አገር አቀፍ ሥራም በ1974 የተጀመረው ይህንኑ ክፍተት አይቶ ነው። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጅ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥናት ክፍል የሚያስገባው ምንድን ነው? ክለቡ ያለው መልስ ኳስ ነው።

ኳሱ እንደ ማባበያ ብቻ ከታየ ግን ግማሹ ሥራ ያመልጣል። እንበል አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች አልገባው ብለውታል። መጽሐፉ የሙቀት መለኪያ ሥሎ ያስረዳዋል፤ ልጁ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። አስጠኚው የሊጉን የደረጃ ሰንጠረዥ ያወጣል። ቡድናችሁ ስንት አገባ? ሰባት። ስንት ገባበት? አሥራ አንድ። እንግዲህ አራት የግብ ዕዳ አለባችሁ ማለት ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ስድስት ለባዶ ብታሸንፉስ? ልጁ ጣቱን ሳይቆጥር «ሁለት ትርፍ» ይላል። በደብተሩ ላይ የተጻፈው −4+6 ያው ሒሳብ መሆኑን ለማሳየት ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ እርምጃ ነው። አንድ ነገር ከልቡ የሚፈልግ ልጅ ለሚፈልገው ነገር ሲሆን ያሰላል፣ ያነባል፣ ይከራከራል።

ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው። ሁለት ሰዓት ሲሮጥ የቆየ ልጅ ተመልሶ እርሳስ አይጨብጥም፤ ደክሞታል፣ ጠምቶታል፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሳተው ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ስለዚህ ደብተሩ ይቀድማል። ደግሞም አሰልጣኙ ልጁ ማጥናቱን ሲያውቅ ነገሩ ይለወጣል። እናት «አጥና» ስትል እና አሰልጣኝ «ትናንት ጥናት ላይ አላየሁህም» ሲል፣ በአሥር ዓመት ልጅ ጆሮ ክብደታቸው አንድ አይደለም። እናቶች ይህን ሲሰሙ ቅር አይበላቸው፤ እውነቱ ይኸው ነው።

በኢየሩሳሌም ግን ሊጉ ከዚህም የከበደ ጭነት አለበት። እዚህ ከተማ ልጆች የሚማሩት በአብዛኛው ተለያይተው ነው። ዓለማዊ ትምህርት ቤት፣ መንግሥታዊ የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ የሐሬዲም (የጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁዶች)፣ የዐረቡ፣ ሁሉም ለየብቻቸው ናቸው። በአንድ አውቶቡስ የሚሄዱ ሁለት ልጆች እስኪያድጉ ድረስ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ሊኖሩ ይችላሉ። የሰፈሮች ሊግ የአይሁድና የዐረብ ትምህርት ቤቶችን፣ የምሥራቁንና የምዕራቡን ልጆች በአንድ ሊግ ውስጥ ያገናኛል። ከጎኑ ያለውን ለማስታወስ ያህል፣ በዚያው ቴዲ ስታዲየም የሚጫወተው ቤይታር ኢየሩሳሌም በ2013 ሁለት ሙስሊም ተጫዋቾችን ከቼችንያ ሲያስፈርም ከደጋፊዎቹ የከፋ ተቃውሞ ገጥሞት፣ የክለቡ ቢሮ እስከ መቃጠል ደርሷል። በእንዲህ ያለ ከተማ በምሥራቁ ላለ ለአንድ የራስ አል ዓሙድ ልጅና በምዕራቡ ላለ ለአንድ የኪርያት መናሔም ልጅ የዳኛ ፊሽካ አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖረው ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ሰላም ያመጣል አልልም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ያልተጨባበጠ ሰው በሠላሳው እንዲጨባበጥ መጠበቅ ግን ከባድ ነው።

ሴቶቹ ልጆችም አሉበት። ክለቡ የራሱ የሴቶች ቡድን ስላለው፣ ሰፈር ውስጥ የምትጫወት ልጅ ወደፊት የምታየው ነገር አላት።

ሐሳቡ ኢየሩሳሌም ላይ አልተፈለሰፈም። የሃፖኤል ቴል አቪቭ ባለቤቶች ገና በ1997 ሚፍዓሎት የተባለ የትምህርትና የማኅበራዊ ድርጅት ከክለቡ ጎን አቋቁመው በመላ አገሪቱ ሠርተዋል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ መንግሥቱና ክለቦቹ ተስማምተው በየስታዲየሙ የጥናት ማዕከል ከፈቱ፤ በትምህርታቸው ወደኋላ የቀሩ ልጆች ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተርና ሒሳብ የሚማሩት ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ነበር። ኤቨርተን በ1988 የማኅበረሰብ ሥራውን ጀምሮ በ2012 እስከነአካቴው ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤት መግባት የሚያስጠላው ልጅ ስታዲየም መግባት አያስጠላውም፤ እነዚህ ክለቦች የያዙት ዘዴ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የወደፊት ኮከብ መፈለጊያ ከሆነ ያን ጊዜ ተበላሽቷል። የእኛ ልጆች ግድግዳ ላይ የኤሊ ዳሳ ፎቶ አለ። ከኢትዮጵያ ከመጡ ቤተሰቦች በኔታንያ ተወልዶ፣ ለቤይታር በቴዲ ተጫውቶ፣ የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራ ሰው ነው፤ ልጆቹ ቢኮሩበት ያንሳል እንጂ አይበዛም። ግን ስንት ዳሳ አለ? ከአንድ ክፍል ልጆች መካከል አንድም ፕሮፌሽናል ላይወጣ ይችላል። ሊጉ መመዘን ያለበት በቀሩት ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው ወፍራም ልጅ ክፍልፋይ ገብቶት ሲመለስ፣ ዓይነ አፋሯ ልጅ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ። ለጎበዝ ተጫዋች ብቻ አስጠኚ የሚመድብ ክለብ ለራሱ ነው የሚሠራው።

ድካሙም አለ። አስጠኚ ተማሪ ዲግሪውን ሲጨርስ ይሄዳል፣ ልጁ የለመደውን ሰው ያጣል። ገንዘቡ ከለጋሽና ከበጀት የሚመጣ ስለሆነ በየዓመቱ ይለመናል። የሁለቱ ወገን ፖለቲካ ሲጋጋል የአንዱ ሰፈር ወላጆች ልጃቸውን ወደ ሌላው ሰፈር ለመላክ ይፈራሉ፤ አይፈረድባቸውም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ልጁ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ የሚሆነው ነው። መንገድ ልጁን የሚስበው በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ነው።

አገር ቤት ያሉ የክለብ ሰዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ኳስና ቀለም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ይድነቃቸው ተሰማ ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ወጥተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያሰለጠኑ፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። በፈረቃ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ግማሽ ቀኑ ባዶ ነው፤ ልክ እንደ ኢየሩሳሌሙ። ክለቦቻችን ሜዳ አላቸው፣ መለያቸውን ለብሶ ለመቆም የሚጓጓ ሕፃን በየሰፈሩ አላቸው። ለመጀመር ከልምምድ ሜዳው አጠገብ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር መነጋገር፣ ከሰዓት በኋላ የሚከፈት አንድ ክፍል ማግኘት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የትራንስፖርት እየከፈሉ ማምጣት ይበቃል። ቃታሞኖች ሲጀምሩ አምስተኛ እርከን ላይ ነበሩ።